ከመሬት በታች የሚኖረው ዕውር እባብ



መሐንዲስ መሬትን የሚያውቃት በመሸከም አቅሟና በውሃ አያያዟ ነው። በቁፋሮ ጊዜ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ የሚወጣው ሕያው ፍጡር ግን በመዝገቡ ላይ አይሰፍርም። የዚህ ንግግር መነሻ ከእነዚህ ፍጡራን አንዱ፣ በሳይንስ ስሙ ሌቴኦቢያ ሶማሊካ የሚባለው ዕውር እባብ ነው።

እባቡን እ.ኤ.አ. በ1895 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው በብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ጆርጅ ቡላንዤ ነው። ስሙ ወደ ሶማሌ ምድር ቢጠቁምም፣ የሚታወቀው ከኢትዮጵያ ብቻ ነው። ስም አውጪ ከካርታ ሠሪ ይልቅ መቸኮሉ የተለመደ ነው!

የዕውር እባቦች አካል ለቁፋሮ የተበጀ ነው። ቅርፊታቸው ለስላሳና አንጸባራቂ በመሆኑ አፈር አይዛቸውም፤ የራስ ቅላቸው ጠንካራ ነው፤ ዓይናቸው በቅርፊት ተሸፍኖ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት እምብዛም አያልፍም። ጥርስ ያላቸው በላይኛው መንጋጋ ብቻ ሲሆን፣ ምግባቸው የጉንዳንና የምስጥ እንቁላልና እጭ ነው። መርዝ የላቸውም። ብዙ ሰው የምድር ትል ይመስሉታል፤ እባብነታቸው ሲታወቅ ደግሞ በአካፋ ይቆረጣሉ።

ከአርቦዬ ደጋማ ማሳዎች ወደ አዋሽ ሸለቆ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው አፈሩም አየሩም ይለወጣል። ጥቁር የዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ይዘጋል፤ ስንጥቁም ለብዙ ትናንሽ እንስሳት መጠለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሰላ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ በአካባቢው ትራክተር ተስፋፍቶ ነበር። ማረሻው የላይኛውን አፈር ሲገለብጥ የጉንዳኑን ጎጆም አብሮ ያፈርሳል።

ሆኖም ከመሬት በታች የሚኖር እባብ ሁሉ የዋህ አይደለም። በአገራችን የሚገኘው አትራክታስፒስ የተባለው ወገን ጥቁርና ቀጭን ሲሆን፣ ረጅም መርዛማ ጥርሱን አፉን ሳይከፍት ማለት ይቻላል ወደ ጎን አውጥቶ ይወጋል። ስለዚህ ከአንገቱ ሥር የያዘውንም ሰው ከመውጋት አይመለስም። ለመርዙ የተለየ ፀረ መርዝ መድኃኒት የለም። የቁፋሮ ሠራተኛ ማናቸውንም እባብ በእጁ እንዳያነሣ ማስገንዘብ የሥራ ኃላፊው ግዴታ ነው፤ የተነከሰም ሰው ቁስሉ ሳይበጣና ሳይታሰር ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በቁፋሮ የሞተው እባብ በአልኮል ተቀምጦ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ቢደርስ ጠቃሚ ነው። ከእርሱ ጋር የሚያስፈልገው የቦታው ስም፣ የጉድጓዱ ጥልቀትና የአፈሩ ዓይነት ነው፤ ይህም በመሐንዲሱ መዝገብ ላይ ከወዲሁ ተጽፎ ይገኛል።