ባሕር ዛፍን ማን ያስተካክለዋል?
(በመካነ ሰላም ለሚካሄድ ሕዝባዊ ጉባኤ የተዘጋጀ ዲስኩር)



ከደሴ ተነሥቶ በአቅስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ልብ ባይለውም፣ የእንጨት ሠራተኛን እጅ ሲያይ ይውላል። በማሳው ሞፈር፣ ቀንበርና ድግር አለ። በቤተ ክርስቲያኑ መንበርና ከበሮ፣ በመስጊዱም ሚንበር አለ። ሰው ሲሞት የሚወጣበት ቃሬዛ እንኳ እንጨት ነው። ሆኖም የቦረና ወይም የሳይንት እናት ልጇ ምን እንዲሆንላት እንደምትመኝ ብትጠየቅ፣ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ትላለች እንጂ አናጢ ስትል መስማት ብርቅ ነው።

ንቀቱ የቆየ ነው፤ ግን ሁሉን እኩል አልነካም። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ፋቂው «ቡዳ» እየተባሉ ሲገለሉ፣ ጠራቢው ያን ያህል አልተሸሸም። ገበሬው ሞፈሩን ራሱ ይጠርብ ነበር፤ የብራና መጻሕፍትን የእንጨት ገበታ የሚያበጁትም የቤተ ክህነት ሰዎች ነበሩ። በላስታ ድንጋይና እንጨት እየተነባበረ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ሙያው ምን ያህል ረቅቆ እንደነበር ዛሬም ይመሰክራል።

ነገሥታቱም ጉዳዩ አሳስቧቸው ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሙያተኞችን ሰብስበው አሠሩ፤ እዚያ የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም በጋሪ እየተጎተተ ወራት ከፈጀ ጉዞ በኋላ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። አፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሙያተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ስድቡን ቢከለክልም የወላጅን ምኞት መለወጥ አልቻለም።

በኋላ ንቀቱ ሌላ መልክ ያዘ፤ በትምህርት ቤት በር ገባ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት፣ የ10ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ነጥብ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ እንዲሄድ ሆነ። የሙያው ደጃፍ የወደቁት ሰዎች መግቢያ መሰለ። መላጊያ የያዘ ጎበዝ ልጅም «ነጥብ አልመጣለትም» ተባለ።

በዚያው ዓመት አናጢውን የሚነካ ሕግም ወጥቶ ነበር። የ1986ቱ የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከለከለ። ከመካነ ሰላም ብዙም የማይርቀው የደንቆሮ ጫካ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስለዚህ ለአናጢው በብዛት የቀረለት ባሕር ዛፍ ሆነ።

ባሕር ዛፍ ግን አመለኛ እንጨት ነው። ዛፉ በቁሙ ሳለ በውስጡ ያመቀው ውጥረት ሲቆረጥ ይፈታል፤ ጣውላው ይጣመማል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል። ሳይደርቅ በር ከተሠራበት ከወራት በኋላ በሩ አልዘጋ ይላል። አናጢው በጥላ ሥር መደርደር፣ በመሐሉ ነፋስ የሚያሳልፍ ስንጥር ማስገባት፣ ጫፉን መቀባት፣ ከዚያም መጠበቅ አለበት። የርጥበትን ነገር፣ የማዕዘንን ልክና የሒሳብን ስሌት ካላወቀ ይከስራል። ሥራው ይበልጥ ዕውቀት በጠየቀበት ዘመን፣ ዝናው የወደቁት ሰዎች ሥራ ተብሎ ቀረ።

አሁን ነገሩ ጥቂት እየተነቃነቀ ነው። የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ቀርቷል። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቁሟል። የዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ዩኒቨርሲቲን ብቸኛ መንገድ አድርጎ ለያዘ ቤተሰብ ይህ መርዶ ነው። አደጋም አለው፤ ሙያው ዳግመኛ የተረፉት ሰዎች ማረፊያ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። በስዊዘርላንድ ከወጣቶች ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከግዴታ ትምህርት በኋላ ወደ ሙያ ሥልጠና የሚገቡት ግን ወድቀው አይደለም፤ ከፈለጉም በዚያው መንገድ እስከ ከፍተኛ ትምህርት ይዘልቃሉ።

ሙያውን ለማስከበር ለመካነ ሰላም የመጀመሪያው እርምጃ ቅርብ ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ግቢ አለው፤ አናጢዎቹም እዚያው ከተማ ናቸው። ባሕር ዛፍን በደጋው ብርድና ጉም እንዴት ማድረቅ እንደሚሻል መምህሩና አናጢው አብረው ቢሞክሩ፣ ተማሪዎችም መጥተው ቢያዩ፣ አንዱ ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ የሚያወራው ነገር ያገኛል። አባቱም ምናልባት ስለ ነጥቡ መጠየቁን ትቶ፣ የቤታቸው በር ለምን አልዘጋ እንዳለ ይጠይቀው ይሆናል።