ፊርማ የሚሰበስቡ ሰዎች በሕግ ሊገደቡ ይገባልን?
(በክርክር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ክርክር የተሰጠን ጥያቄ «ዜጎች ያረቀቁት ሕግ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ፊርማ የሚሰበስቡ ሰዎች በሕግ ሊገደቡ ይገባልን?» የሚል ነው። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ።

ባለፈው ዓመት የቤተ መጻሕፍቱ የማታ ሰዓት እንዲራዘም ለማመልከት ፊርማ እሰበስብ ነበር። አንዱ ተማሪ ከፈረመ በኋላ «ለመሆኑ ስለ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሌላው ደግሞ ተኝቶ ለነበረው የመኝታ ክፍል ጓደኛው ጭምር ፈረመ። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ወረቀቱን ተቀብዬ ሄድሁ። ለዚህ ሥራ አምስት ሳንቲም የከፈለኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ «ፊርማን የሚያበላሸው ገንዘብ ብቻ ነው» የሚለውን አሳብ ልቀበለው አልችልም።

ነገሩ በሰፊው የተፈተነው በአሜሪካ ነው። ደቡብ ዳኮታ በ1898፥ ኦሪገን በ1902 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዜጎች በቂ ፊርማ ካመጡ ረቂቃቸው ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ፈቀዱ። ምክር ቤቱ ባለጸጎችን ብቻ ሲሰማ ሕዝቡ የራሱ በር ይኑረው ተብሎ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው በር ባለጸጋውም ገባ፤ በገበያ ደጃፍ ቆሞ በፊርማ ቁጥር የሚከፈለው ሠራተኛ መጣ።

ኮሎራዶ ለፊርማ ሰብሳቢ መክፈልን በ1941 ወንጀል አደረገች። በ1984 የጭነት መኪና ሥራ ከመንግሥት ተቆጣጣሪ ኮሚሲዮን ሥልጣን እንዲወጣ የፈለጉ ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ 46,737 ፊርማ ማምጣት ነበረባቸው። ያለ ክፍያ እንደማይሆንላቸው አይተው ከሰሱ፤ በ1988 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላውን በአንድ ድምፅ ሻረው። ፊርማ መጠየቅ ራሱ ስለ ፖለቲካ መናገር ነው፤ ተከፋዩ ከበጎ ፈቃደኛው ይልቅ ሐሰተኛ ፊርማ ይቀበላል ለማለት ምክንያት የለም አለ። በ1999 ደግሞ ሰብሳቢው ስሙን ደረቱ ላይ እንዲለጥፍ የሚያስገድደውን ደንብ ሻረ፤ ሰው ተቃዋሚዎቹን ፈርቶ ሥራውን ይተዋልና።

ኦሪገን ግን ሌላ መንገድ ፈለገች። በ2002 ሕዝቡ በፊርማ ቁጥር መክፈልን በድምፁ ከለከለ፤ በሰዓት መክፈልን ግን አልከለከለም። ይግባኝ ሰሚው የፌዴራል ፍርድ ቤትም በ2006 አጸናው። እኔ ይህን እደግፋለሁ። በሰዓት የሚከፈለው ሰው አንድ ፊርማ ቢቀርበት እንጀራው አይጎድልበትም። በቁጥር የሚከፈለው ግን ቸኩሎ የሚፈርመውን ሰው «ቆይ፥ መጀመሪያ አንብብ» እንዲለው ጥቅሙ አይፈቅድለትም።

ከዚህ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያ ከቀረቡት ፊርማዎች 500 ወይም ከመቶ 3፥ የሚበልጠው፥ በዕጣ ተወስዶ ከመራጮች መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ውጤቱ ከሚፈለገው ቁጥር ከመቶ 95 በታች ከሆነ ይወድቃል፤ ከ110 በላይ ከሆነ ያልፋል፤ በመካከል ከሆነ ሁሉም አንድ በአንድ ይመረመራል። በስዊዘርላንድ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል 100,000 ፊርማ በ18 ወር ውስጥ ያስፈልጋል፤ ፊርማውንም የየቀበሌው አስተዳደር ያመሳክራል። እንዲያም ሆኖ በ2024 ሐሰተኛ ናቸው ተብለው የተጠረጠሩ ብዙ ፊርማዎች አገሩን አነጋገሩ።

«ደንብ ሲበዛ ድሀው ይታገዳል» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው፤ ነገር ግን ሃምሳውን ሰው ለማሰባሰብ ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ማኅበር በእግሩ ዞሮ የሚያዳርስበት ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጠው። ክፍያ በፊርማ ቁጥር አይሁን። ገንዘቡን ያወጣው ማን እንደ ሆነ በወረቀቱ ራስ ላይ ይጻፍ። ሐሰተኛ ፊርማ ይመርመር፤ አጭበርባሪውም ይቀጣ። ከዚህ አልፎ ማን ይጠይቅ፥ ማን አይጠይቅ የሚል ሕግ ግን አይውጣ።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ተኝቶ ወደ ነበረው ጓደኛችን ሄጄ የሆነውን ነገርሁት። እርሱም «ብትጠይቀኝ ኖሮ እፈርም ነበር» አለኝ። አሳባችን አንድ ነበር፤ ነገር ግን አልጠየቅሁትም። ሕጉ ሊጠብቅለት የሚገባው ይህን የመጠየቅ መብቱን ነው።