አሮጌውን ሥርዓት ከመመለሳችን በፊት መዝገቡን እናውጣ
(ለሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎችና ለጽሕፈት ቤት አገልጋዮች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ሲሰሙት የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የቀድሞውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደገና ስለ መጫን፣ ለዚሁም ሥራ ኮምፒዩተሩን ሊያስነሣ የሚችል የውጭ ዲስክ ስለ ማዘጋጀት የሚናገር ነው። ይሁን እንጂ የጉዳዩ ሥር ያለው በየአጥቢያው መዝገብ ውስጥ ነውና ሁላችንንም ይመለከታል።

ለድጋፍ በምንሄድባቸው አጥቢያዎች ደጋግመን የምናየው ይህን ነው። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ከብዙ ዓመታት በፊት በኮምፒዩተር ተጽፏል። በኋላ አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛል፤ ፋይሉም በፍላሽ ይዛወራል። አንድ ምእመን የጥምቀት ማስረጃ ሲጠይቅ ጸሐፊው ፋይሉን ይከፍታል፤ ነገር ግን በፊደላችን ፈንታ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተደርድረው ያገኛል። ፋይሉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ግን ታጣ። ጠያቂውም ባዶ እጁን ይመለሳል።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን ያሳድሩ የነበረው ለላቲን ፊደል በተመደበው ቦታ ላይ ነበር። አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ስለ ነበረው ሁሉም በየራሱ መንገድ ፊደሉን ይደለድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒም የግእዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት የተገኘው በኋላ ከመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ስለዚህ ያን ዘመን የተጻፈ ፋይል የሚነበበው በተጻፈበት ፕሮግራምና ፎንት ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ በአዲሱ ሥርዓት ላይ አልሠራም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ወደ አሮጌው ሥርዓት የምንመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ቅደም ተከተሉ ነው። አሮጌው ኮምፒዩተር አልነሣም ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ፎርማት ይደረግና እንደገና ይጫን» የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ ማለት ዲስኩን እንደ አዲስ ባዶ አድርጎ ማዘጋጀት ማለት ነው፤ መዝገቡ በዚያው ዲስክ ላይ ካለ አብሮ ይሄዳል። አባቶቻችን ቁም ጸሐፊዎች አሮጌውን ብራና የሚያስቀምጡት አዲሱ ተገልብጦና ከቀደመው ጋር ተመሳክሮ ካለቀ በኋላ ነው። እኛም ይህንኑ ሥርዓት ልንከተል ይገባል፤ በመጀመሪያ መገልበጥ፣ ቀጥሎ ማመሳከር፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መጫን።

የውጭው ዲስክ አስፈላጊነት እዚህ ላይ ይገለጣል። ኮምፒዩተር የሚነሣው በውስጡ ካለው ዲስክ ብቻ አይደለም፤ በዩኤስቢ ከሚሰካ ዲስክ ወይም ፍላሽም ሊነሣ ይችላል። በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሩፈስ በመሰለ ነጻ ፕሮግራም አንድ ፍላሽ ላይ ሊኑክስ ይዘጋጃል፤ ለአሮጌ ኮምፒዩተር ጥቂት ሜሞሪ የሚበቃው ዓይነት ይመረጣል። ፍላሹ ተሰክቶ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ የተባለው ቁልፍ እንደ ኮምፒዩተሩ ዓይነት ይጫናል፤ ከሚመጣው ዝርዝርም ፍላሹ ይመረጣል። ሊኑክስ ሲነሣ «ሳይጫን ለመሞከር» የሚለውን እንጂ «ለመጫን» የሚለውን አንነካም። በዚህ መንገድ የታመመው ዊንዶውስ ሳይነሣ፣ በውስጠኛው ዲስክ ላይም ምንም ሳይጻፍ፣ ፋይሎቹን ማየትና መገልበጥ ይቻላል።

የሚገለበጥበት ሌላ የውጭ ዲስክ ያስፈልጋል። ኤክስፒም እንዲያነበው ከ2 ቴራባይት ያልበለጠ፣ አከፋፈሉ በቀድሞው ኤምቢአር በተባለው ዓይነት የሆነ፣ በኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀ ቢሆን ይመረጣል። የምንገለብጠውም መዝገቡን ብቻ አይደለም፤ የፎንቶቹን ፎልደርና የመጻፊያ ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር ጭምር ነው። ያለ ፎንቱ መዝገቡ አይነበብምና። ገልብጠን ስንጨርስ የፋይሎቹን ቁጥርና መጠን እናመሳክራለን፤ ጥቂቶቹንም ከፍተን እናያለን።

ከዚህ በኋላ ወደ መጫኑ እንሻገራለን። ከሁሉ አስቀድሞ የውጭውን ዲስክ ነቅለን እናስቀምጠው። ተሰክቶ ከቀረ የመጫኛው ፕሮግራም የማስነሻ ፋይሎቹን በእርሱ ላይ ሊጽፍ ይችላል፤ ወይም የሚጭነው ሰው ዲስክ ተሳስቶ የዳነውን መዝገብ ፎርማት ሊያደርገው ይችላል። የመጀመሪያው ሲዲና ብዙ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ሣጥን ላይ ተለጥፎ የሚገኘው የፈቃድ ቁጥር አስቀድመው ይገኙ። መብራት ድንገት እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ ይዘጋጅ። ኤክስፒ ሲጫን ዲስኩን አላገኘሁም ካለ ወይም ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ከቆመ በባዮስ ውስጥ የዲስኩ አሠራር ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ መለወጡ ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል። በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ግን ኤክስፒን በቀጥታ ለመጫን መታገል አይጠቅምም፤ ቨርቹዋልቦክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም አማካይነት በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ እንደ አንድ ክፍል ሊከፈት ይችላል።

አሮጌው ሥርዓት ከተመለሰ በኋላ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ጥበቃ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014፣ ለዊንዶውስ 7 በጥር 2020፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2025 አቁሟል። ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳ በተለመደው መንገድ አይደፈንም። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒዩተር የዕለት ሥራ መሥሪያ ወይም የባንክ ጉዳይ መፈጸሚያ ሊሆን አይገባም። እርሱ መዝገቡ የሚወጣበት በር ነው፤ ሥራው ሲያልቅ በሩ ይዘጋል።

በሩ የሚዘጋው ግን መዝገቡ ወደ ዩኒኮድ ከተለወጠ በኋላ ነው። ፋይሉ በአሮጌው ፕሮግራም ተከፍቶ በመጀመሪያ በወረቀት ይታተማል፤ ይህ ለማመሳከሪያ ይሆናል። ቀጥሎ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ይዛወራል። መለወጫው አንዳንድ ፊደላትን ሊያዛባ ስለሚችል ሁለት ሰዎች ይቀመጡ፤ አንዱ ከታተመው ያንብብ፣ ሌላው በአዲሱ ይከታተል። «ኃይለ» እና «ሀይለ»፣ «ሥላሴ» እና «ስላሴ» በማስረጃ ላይ ልዩነት ያመጣሉ። በፓስፖርቱና በጥምቀት ማስረጃው መካከል የአንድ ፊደል ልዩነት ያለበት ሰው የሚደርስበትን እንግልት የጽሕፈት ቤት አገልጋይ ሁሉ ያውቀዋል።

የተጠናቀቀው መዝገብ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ በአጥቢያው ዕቃ ቤት፣ ሌላው ከአጥቢያው ውጭ፣ ለምሳሌ በወረዳ ቤተ ክህነት። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ቅጂዎች በአንድ እሳት ይጠፋሉ። በመዝገቡ የሰዎች የግል ጉዳይ ስለ ተጻፈ ዲስኩ በማንም እጅ አይዙር፤ ርክክቡም በፊርማ ይሁን።

ክቡራን አባቶችና ወንድሞች፤ ከዚህ ስንመለስ ከየሰበካ ጉባኤያችን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው አጥቢያ ውስጡ ሳይታይ እንዳይሸጠው፣ እንዳይጥለውም፣ ፎርማት እንዳያስደርገውም በቃለ ጉባኤ ይወስን። ሁለተኛ፣ በየትኛው ፕሮግራም ምን ዓይነት መዝገብ እንደ ተጻፈ ጸሐፊው ይመዝግብ፤ ቀድሞ ይጽፉ የነበሩ አገልጋዮች በሕይወት ሳሉም ይጠየቁ። ሦስተኛ፣ ለውጭ ዲስክ መግዣ የሚሆን ገንዘብ በሚቀጥለው በጀት ይያዝ። ወጪው የሚከበደን ካለ የአጎራባች አጥቢያዎች ተባብረው አንድ ማስነሻ ፍላሽ በጋራ ቢያዘጋጁ ለሁሉም ይበቃል፤ መዝገቡ የሚገለበጥበት ዲስክ ግን ለየአጥቢያው የተለየ ይሁን።

በመዝገቡ ውስጥ ያሉት የሕፃናት፣ የወላጆችና የክርስትና አባቶችና እናቶች ስሞች በአደራ የተሰጡን ናቸው። ዲስኩ ፈጽሞ ሳይደክም አደራችንን እንወጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።