ስለ መጨረሻዎቹ የሀገራችን ሸክላዎች የተደረገ ዲስኩር



የዘመንን ታሪክ በነገሥታት ስም፣ በጦርነትና በአዋጅ፣ በረኃብና በጥጋብ መከፋፈል የታሪክ ጸሓፊዎች የቆየ ልማድ ነው፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሸክላ በማሰባሰብ የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁና የሀገሬን የቅርብ ዘመን አብዝቼ የተማርሁት በዚያ ጥቁር ክብ ሰሌዳ ላይ ከተቀረጸው ድምፅ ስለ ሆነ፣ ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ያ ሰሌዳ ከሀገራችን ገበያ ከመጥፋቱ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት ስላፈራው ፍሬ ይሆናል። ዓመታቱንም ሸክላዎቹ በዓለም ሁሉ በሚታወቁበት በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠራቸዋለሁ፤ ከ1975 እስከ 1978 ያለውን ዘመን ማለቴ ነው።

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን የሚጽፉ ብዙ ሰዎች «ወርቃማው ዘመን» የሚሉትን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት በ1974 ይዘጉትና ከዚያ በኋላ የታተመውን እንደ ቃርሚያ ይቈጥሩታል። ይህ አከፋፈል ለመጽሐፍ ምዕራፍ የተመቸ ይሁን እንጂ ለጆሮ የታመነ አይደለም። ሸክላዎቹን በታተሙበት ቅደም ተከተል አስቀምጦ በትዕግሥት ያደመጠ ሰው፣ እነዚህ የኋለኞቹ ዓመታት የሌላ ዘመን ጭራ ሳይሆኑ የራሳቸው ጠባይ ያላቸው፣ መከራ ያበሰላቸው፣ የመሣሪያ ተጫዋቹም ከዘፋኙ ጋራ እኩል የተሰማባቸው ዓመታት እንደ ነበሩ ይረዳል፤ የዛሬው ንግግሬም ስለዚህ ነገር መመስከር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ሀገር ተልከው ሳሉ በ1908 ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ ከእርሳቸው በኋላ ግን ሥራው እየተቋረጠ ሄዶ፣ በ1948 በወጣው ንጉሣዊ ትእዛዝ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህ ትእዛዝ ሳይሻር፣ በ1969 ዐምኃ እሸቴ የተባለ፣ የሙዚቃ መደብር ከፍቶ ይነግድ የነበረና ዕድሜው ገና ሠላሳ ያልሞላ ሰው፣ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በክር አስቀርጾ፣ በሀገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ክሩን ወደ ህንድ ልኮ አሳተመ። በኋላም የኅትመቱን ሥራ ወደ ሊባኖስ አዛውሮ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ 103 ትንንሽና 12 ረዣዥም ሸክላዎችን ለሕዝብ አቀረበ። አንድ ሰው በገዛ ገንዘቡና በገዛ ድፍረቱ ለትውልድ ያቈየውን ነገር ሳስብ፣ ለዐምኃ ያለኝ አክብሮት ከዘፋኞቹ ሁሉ ለማንኛቸውም ካለኝ አክብሮት አያንስም።

እዚህ ላይ ስለ ሰሌዳው መጠን መናገር ግድ ነው፤ ብዙ ሰው ዜማ በዘፋኙ ሐሳብ ልክ የሚሰፋና የሚጠብብ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሰሌዳው ራሱ ለዜማው ወሰን ያበጅለታል። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንዱ ገጹ ከአራትና ከአምስት ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ትዝታን የመሰለ፣ ዝግ ብሎ የሚገለጥ፣ ተጫዋቹም አድማጩም እስኪሰክኑ ድረስ ጊዜ የሚፈልግ ዜማ በዚህ ጠባብ ስፍራ ሲታጐር ምን ያህል እንደሚጨነቅ ጌታቸው ካሳ ትዝታን በአንዱ ገጽ ዝግተኛ፣ በሌላው ገጽ ፈጣን አድርጎ ባወጣው ሸክላ ይታወቃል፤ ሸክላውን መገልበጥ የዜማው አካል ሆኖ ቀረ። ረዥሙ ሸክላ ግን በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ እየዞረ በየገጹ ሃያ ደቂቃ ያህል ስለሚይዝ፣ ለመግቢያም ለመሸጋገሪያም፣ ለሳክስፎኑም ለኦርጋኑም ስፍራ ሰጠ። እኔ የምወዳቸው የኋለኛው ዘመን ሥራዎች ሁሉ የዚህ ስፋት ልጆች ናቸው።

በ1974 ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሰዓት እላፊ ታወጀና የአዲስ አበባ ሌሊት ተዘጋ። ወደ ዳንስ ቤት የገባ ሰው ከሰዓቱ በፊት ካልወጣ ጎሕ እስኪቀድ እዚያው ማደር ነበረበት፤ ባንዱም ከእርሱ ጋራ ያድር ነበር። የዘፈን ግጥም በሳንሱር ዐይን ይመረመር ጀመር፤ በጎዳና ደም የሚፈስበት ቀይ ሽብርም ተከተለ። ዐምኃ በ1975 ሀገሩን ለቅቆ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ስደተኛ ሆኖም በዋሽንግተን ለወገኖቹ የሙዚቃ ቤት ከፈተ። እርሱ ሲሄድ የሸክላን ሥራ አጽንቶ የያዘው፣ ሕዝብ አሊ ታንጎ እያለ የሚጠራው አሊ አብደላ ካይፋ ነው፤ «ካይፋ» የሚለው ምልክት ያለባቸው ሸክላዎች ባይኖሩ ኖሮ እኔም ዛሬ የምናገረው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሙዚቀኞች አብዛኞቹ የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦር፣ የፖሊስ ወይም የቴአትር ቤት ሰዎች ነበሩ፤ ጥሩምባውም ከበሮውም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበረ። የኋለኞቹ ባንዶች ግን፣ ዋልያስ በሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዳህላክ በግዮን፣ በየሆቴሉ ውል ተዋውለው፣ ያው ጥቂት ሰዎች በየምሽቱ፣ ለብዙ ዓመታት፣ ሰዓት እላፊ በቈለፈው በር ውስጥ አብረው ይጫወቱ ነበር። በደብራችን ማኅሌት ላይ መሪው ቃሉን ሲያነሣ ተመሪዎቹ ሳይነገራቸው እንደሚቀበሉት፣ መቋሚያውና ጸናጽሉ በዝግታ ጀምረው ከበሮው ሲገባ ሁሉም በአንድ እግር እንደሚረግዱ፣ በእነዚህ ሸክላዎች ላይም ተጫዋቾቹ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሲያውቅ ይሰማል። ይህን የመሰለ ኅብር በስቱዲዮ ልምምድ ብቻ አይገኝም።

ከእነዚህ ሸክላዎች ቀዳሚው «እረ መላ መላ» የተባለው የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ነው። ማሕሙድ በልጅነቱ ጫማ እየጠረገ፣ ኋላም በምሽት ቤት በአገልጋይነት እየሠራ አድጎ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የታወቀ ሰው ነው፤ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋራ ያቀረበው ይህ ሥራ ግን ከወታደር ባንድ የነሐስ ጩኸት ርቆ፣ ባሱና ጊታሩ በችክችካ ምት ሲመላለሱ ድምፁን ከላያቸው አንሳፍፎ የሚለቅበት ነው። አይቤክስ ዘግይቶ ሮሃ ባንድ ተብሎ ለብዙ ዘፋኞች አጃቢ ሆነ፤ በ1976 ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ የተጫወተውንም ሥራ የቀረጸላቸው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ስዊድናዊ ባለሙያ ነበረ፤ የተቀረጸውም በራስ ሆቴል አዳራሽ ነው። ያን ጣቢያ ደርግ በ1977 ወረሰው።

በዚያው በ1976 ሙሉቀን መለሠ ከዳህላክ ባንድ ጋራ ያወጣው ሸክላ አለ። ሙሉቀን ገና ልጅ ሳለ በፖሊስ ኦርኬስትራ መዝፈን የጀመረ፣ ድምፁ የወጣትነት ልስላሴውን ሳይለቅ የበሰለ፣ ቃሉን ከምቱ ጥቂት አዘግይቶ በመጣል ማንም ያልተካከለው ዘፋኝ ነበረ። ኋላ ሃይማኖቱን አጥብቆ ይዞ ዓለማዊ ዘፈንን ፈጽሞ ተወ፤ በ2024ም በሰው ሀገር ዐረፈ። እርሱ የተወውን እኛ ማድመጣችን ተገቢ ነው ወይ ብለው የጠየቁኝ ሰዎች አሉ፤ የሰው ኅሊና የራሱ ነው፣ ዜማው ግን አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ የሰሚው ሀብት ነው ብዬ አምናለሁ። የአሰለፈች አሽኔና የጌጤነሽ ክብረት ሸክላም የዚያው ዓመት ነው፤ ሁለት ሴቶች በአንድ እስትንፋስ የሚያዜሙበት የዚህ ዓይነት ሥራ በሀገራችን ጥቂት ነው፤ በሚገባውም መጠን አልተነገረለትም።

አሁን ወደ ዋናው እመጣለሁ። በ1977 ዋልያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋራ «ቼ በለው» የተባለውን ረዥም ሸክላ አወጣ። በላዩ ዘፋኝ የለበትም። ኃይሉ በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላከ ገብሬ በባስ፣ ተማረ ሐረጉ በድራም፣ ማሕሙድ አማን በጊታር፣ ግርማ በየነ በፒያኖ ተጫውተዋል፤ በለንደንና በቦስተን ተምሮ የመጣው፣ የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄም አለበት። ሕዝብ በቃሉ የሚያውቃቸውን ዘፈኖች፣ «ሎሚ ተራ ተራ»ን የመሰሉትን፣ ቃላቸውን ትተው ዜማቸውን ለኦርጋኑ ሰጡት። ቃል በሚመረመርበት ዘመን ቃል የሌለው ዜማ በሰላም ያልፍ ነበር ብሎ ሁሉን ነገር በሳንሱር ምክንያት መተርጐም ቀላል ነው፤ እውነትም አለበት። እኔ ግን ከዚያ የጠለቀ ነገር እሰማበታለሁ፤ ሰሚው ቃሉን በልቡ ስለሚያውቀው፣ ኦርጋኑ ዜማውን ሲያነሣ ሰሚው ራሱ ዘፋኝ ይሆናል፤ ማንም ሊመረምረው በማይችለው ስፍራ፣ በገዛ ኅሊናው ውስጥ ይዘፍናል።

በዚሁ ሸክላ ላይ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለ የግርማ በየነ ድርሰት አለ። ባሱ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለስባታል፤ አይለቅቃትም። ነሐሶቹ ከላይ ይመጣሉ፣ ይመለሳሉ፤ ኦርጋኑ በመካከላቸው እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ቅኝቱ የኛ ሆኖ ሳለ የባሱ አረጋገጥ አሜሪካዊ ነው፣ ሁለቱም ግን አይጣሉም። ይህን ድርሰት ከጊዜ በኋላ የውጭ ሀገር ባንዶች ደጋግመው ተጫውተውታል፤ እንደ መጀመሪያው ያለ ዝግታና ትዕግሥት የሰማሁበት ግን የለም። ችኰላ ያበላሸዋል። የመጀመሪያው ቅጂ የሚጓዘው ሌሊቱ ገና ረዥም መሆኑን እንደሚያውቅ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ካሴት ገብቶ ነበር። ካሴት ወደ ባሕር ማዶ መላክን አይጠይቅም፤ በመርካቶ ጓዳ ውስጥ አንዱ ከሌላው ይገለበጣል፤ ርካሽ ነው፤ ወደ ገጠርም ወደ ጦር ግንባርም በኪስ ይሄዳል። ስለዚህ ሙዚቃን ለብዙ ሰው በማዳረስ ረገድ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ቅጂ ከቅጂ ሲገለበጥ ድምፁ እየደበዘዘ፣ የአሳታሚውና የዓመቱ ምልክት እየጠፋ፣ የዜማው ባለቤት ማን እንደ ሆነ የማይታወቅበት ጊዜ መጣ። በ1978 የሸክላ ኅትመት በሀገራችን አበቃ፤ ከ1969 ጀምሮ የታተመው ሁሉ ቢደመር 500 ያህል ትንንሽና 30 ያህል ረዣዥም ሸክላዎች ናቸው። ለሚሊዮኖች ሀገር ይህ ቍጥር ምንኛ ጥቂት ነው!

ዋልያስ በ1981 ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋራ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ከአባላቱ ከፊሉ በዚያው ቀረ፤ ኃይሉ መርጊያም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ብዙ ዓመት ኖረ። በዚህ መካከል ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ ተደነቀና፣ «እረ መላ መላ» በ1986 በቤልጅግ ሀገር እንደ ገና ታተመ፤ ከዚያም ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ኅትመት ጀመረ። የኃይሉ መርጊያ የካሴት ሥራ በ2013፣ «ቼ በለው» ደግሞ በ2014 በአሜሪካ እንደ ገና ታትመው፣ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። የ1977ቱን ዋናውን ሸክላ የሚፈልጉ የባዕድ ሀገር ሰብሳቢዎች በሺህ የሚቈጠር ዶላር ያወጡበታል። ባዕዳኑ ላደረጉት ሁሉ አመሰግናለሁ፤ ሆኖም ከዋናው ሸክላ የቀሩት ጥቂት ቅጂዎች ከኛ እጅ ወጥተው ማለቃቸው ያሳዝነኛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የስም ነገር ነው። ከሸክላዎቻችን በብዙዎቹ ላይ የዘፋኙ ስም ሲጻፍ የአጃቢዎቹ ስም አልተጻፈም፤ በዚያ ባስ ላይ ጣቱ የተላጠ ሰው፣ ያን ትራምፔት የነፋ ሰው፣ በቃል ካልተነገረ በቀር የሚታወቅበት መዝገብ የለም፤ የሚያውቁትም ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እያለፉ ናቸው። ዐምኃ እሸቴም ዓለማየሁ እሸቴም በአንድ ዓመት፣ በ2021፣ ተከታትለው ዐርፈዋል።

እንግዲህ አሁን የጌታቸው ካሳን ትዝታ ሁለቱንም ገጽ፣ ቀጥሎም የ«ቼ በለው»ን አንድ ገጽ ሳናቋርጥ እናደምጣለን። በጉባኤው መካከል በቤቱ ሸክላ ያለው ሰው ካለ፣ ቢሰበርም ቢጫርም አይጣለው፤ በመካከሉ የተለጠፈውን ወረቀት ሳይፍቅ ያምጣልኝ፤ በዚያ ባንድ የተጫወተ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያለውም ስሙንና የተጫወተበትን መሣሪያ ይንገረኝ፤ መዝገቡ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።