ሁለት አዝመራ፣ ሁለት ጊዜ ማባዛት፦ በባሌ ደጋ ለጀማሪ ተማሪዎች



የማባዛት ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ከማናቸውም የሒሳብ ጽሑፍ ይልቅ በብዙ እጅ የሚገኝ ነው። በደብተር ጀርባ ታትሞ በየሱቁ ይሸጣል፤ ሕፃኑ ገና ፊደል ሳይለይ በብብቱ ይዞት ይዞራል። ሰንጠረዡ እንዲህ ቅርብ በመሆኑም፣ ማባዛት በብዙ ክፍሎች በዜማ የሚወርድ ነገር ሆኖ ቀርቷል። «ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት» እየተባለ በአንድ ድምፅ ሲነገር ክፍሉ በሙሉ ያወቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው አንዱን ነጥሎ «ሁለት ጊዜ ሦስትን በባቄላ ፍሬ አሳይ» ቢሉት፣ ሁለት ፍሬ በአንድ ወገን፣ ሦስት ፍሬ በሌላ ወገን አስቀምጦ መምህሩን ቀና ብሎ ያያል። ከዚህ በታች የሚነገረው ስለዚህ ልጅ ነው፤ ይልቁንም ይህ ልጅ በሮቤ፣ በጎባና በዙሪያቸው ባለው ደጋ ሲማር ስለሚገጥመው ችግርና ስላለው ዕድል ነው።

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ከእርሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ በስተደቡብ መሬቱ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣና በቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ተራራ ግርጌ፣ በሲናናና በአካባቢው በተዘረጋው ሜዳ፣ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ገበሬው ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ ሁለት ጊዜም ያጭዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ የተዘራው በሐምሌና በነሐሴ ይታጨዳል፤ ይህ አዝመራ «ገና» ይባላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም የተዘራው ደግሞ በታኅሣሥና በጥር ይታጨዳል፤ ይህም «ቦና» ነው። ስሞቹ የኦሮምኛ ሲሆኑ አዝመራው የሚሰየመው በሚዘራበት ሳይሆን በሚታጨድበት ወቅት ነው። ከሌላ አካባቢ የተመደበ አዲስ መምህር «የገና ስንዴ» ሲባል ቢሰማ የታኅሣሡ በዓል ሊመስለው ይችላል። ስሕተቱ የሚያስቅ ነው፤ ሆኖም አዝመራውን የማያውቅ መምህር ተማሪው ለምን እንደቀረም አያውቅም።

የትምህርቱ ዓመት በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይዘጋል። የገና አጨዳ በክረምቱ ዕረፍት ስለሚውል ትምህርቱን አይነካም፤ የቦናው አጨዳ ግን በትምህርቱ መካከል ይገባል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን በሚያነጣበት በታኅሣሥ፣ ታላላቆቹ ወደ አጨዳ ሲወርዱ ታናናሾቹ ከብት ይጠብቃሉ፤ ለአጫጆች ውኃ ያመላልሳሉ። በእነዚህ ሳምንታት የመምህሩ መዝገብ በቀሪ ምልክት ይሞላል። ይህም ወራት ማባዛት ከሚጀመርበት ጊዜ ጋር ሲገጥም ጉዳቱ ከባድ ነው። አንድ የንባብ ምዕራፍ ያመለጠው ልጅ ከመካከል ገብቶ ሊከተል ይችላል። ማባዛት ያመለጠው ግን ሲመለስ ጓደኞቹ የማያውቀውን ዜማ ሲያዜሙ ያገኛቸዋል፤ ማካፈልም፣ ክፍልፋይም፣ የስፋት ስሌትም በፊቱ ይዘጉበታል። መምህሩ «ሒሳብ አይገባውም» ይላል፤ ልጁም ያምናል። በሚቀጥለው ታኅሣሥ ወደ አጨዳ ሄዶ ሳይመለስ የሚቀረው አንዳንዱ ልጅ የቀረው በድህነት ብቻ አይደለም።

የሚያሳዝነው ግን ይህ ልጅ በማሳና በአውድማ ሲያባዛ የከረመ መሆኑ ነው። አባባሉ የተጋነነ እንዳይመስል የልጁን አነጋገር ማዳመጥ ይበቃል። አማርኛ እኩል የሆኑ ክፍሎችን ለመናገር ቁጥሩን ይደግማል፦ «ለሦስቱ ልጆች አራት አራት ባቄላ ደረሳቸው» ይላል። ኦሮምኛም እንዲሁ «አፉር አፉር» ብሎ ይደግማል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ካደረገ ወዲህ በባሌ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብዛት በኦሮምኛ ስለሚሰጥ፣ ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው የቁጥር አነጋገር ከመምህሩ ጆሮ አይርቅም። «አራት አራት» ማለት የሚችል ልጅ የማባዛትን ግማሽ ይዞ መጥቷል፤ የቀረው «ስንት ጊዜ?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአነጋገር ጉዳይ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። «ሦስት ጊዜ አራት» ሲባል ሦስቱ የክፍሎቹ ቁጥር ነው፤ «ሦስት ሲባዛ በአራት» ሲባል ግን የሚባዛው ሦስቱ ራሱ ነው። መልሱ በሁለቱም 12 ቢሆንም በሕፃኑ ዓይን የሚታየው ሥዕል የተለያየ ነው። መምህሩ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም አነጋገር ቢቀላቅል ልጁ ሥዕሉን ትቶ ወደ ዜማው ይሸሻል። ስለሆነም በመጀመሪያው አዝመራ «ጊዜ» የሚለው ቃል ብቻ ቢነገር ይመረጣል።

ሥራው በኅዳር፣ የባቄላ እሸት ሲደርስ ሊጀመር ይችላል። እያንዳንዱ ልጅ ጥቂት እሸት ይዞ ይመጣል። ሲፈለፈል በአንዱ ሁለት፣ በሌላው ሦስት፣ አልፎ አልፎም አራት ፍሬ ይገኛል። «በጠቅላላው ስንት ፍሬ አለ?» ለሚለው ጥያቄ ያለው መንገድ መደመር ነው፤ ክፍሎቹ እኩል አይደሉምና ማባዛት አይሆንም። ቀጥሎ ልጆቹ ያልተፈለፈለውን በጣታቸው እየዳሰሱ ባለ ሁለቱን ለብቻ፣ ባለ ሦስቱን ለብቻ ይለያሉ። ባለ ሦስት ፍሬ የሆኑ አራት እሸቶች በፊታቸው ሲደረደሩ «አራት ጊዜ ሦስት» የሚለው ቃል ትርጉም ያገኛል። ይህን የመለየት ሥራ መዝለል ቀላል ነው፤ ነገር ግን እኩል ያልሆነውን ያላየ ልጅ እኩልነት ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባውም። በመስከረም በአደይ አበባ ለመጀመር የሚያስብ መምህርም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ የአበባው ቅጠል ይህን ያህል ነው ብሎ ከመናገሩ በፊት ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሩት።

በታኅሣሥ ግን ከሁሉ የሚበልጥ መማሪያ በየማሳው ቆሞ ይገኛል፤ ይኸውም የገብስ ዛላ ነው። ገብስ ባለ ሁለት ረድፍና ባለ ስድስት ረድፍ ተብሎ ይለያል። በዛላው አንጓ ሁሉ ሦስት ሦስት የፍሬ ቦታ አለ፤ በባለ ስድስቱ ሦስቱም ፍሬ ሲይዙ በባለ ሁለቱ የመካከለኛው ብቻ ይይዛል፤ አንጓዎቹም ግራና ቀኝ ስለሚፈራረቁ በአንዱ ስድስት፣ በሌላው ሁለት ረድፍ ይታያል። ይህን ሁሉ ለሕፃኑ መንገር አያሻም። ዛላውን በእጁ እያዞረ መጀመሪያ ረድፎቹን፣ ከዚያም ከረድፎቹ የአንዱን ፍሬ ብቻ ይቁጠር። ባለ ሁለት ረድፉ ዛላ በአንዱ ረድፍ አሥር ፍሬ ቢኖረው «ሁለት ጊዜ አሥር፣ ሃያ» ይላል። ቀጥሎ ዛላውን በመዳፉ አሽቶ፣ ገለባውን እፍ ብሎ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። አንዳንድ ጊዜ የሚያገኘው አሥራ ዘጠኝ ወይም አሥራ ስምንት ይሆናል፤ ከሥርና ከጫፍ ያለው ሁልጊዜ አይሞላምና። መምህሩ በዚህ ሊደነግጥ አይገባውም፤ እንዲያውም የዕለቱ ትምህርት እዚህ ላይ ይደምቃል። «ሃያ መሆን ነበረበት፤ ሁለቱ የት ሄዱ?» ብሎ ሌላ ዛላ አንሥቶ ባዶውን ቦታ የሚፈልግ ልጅ፣ ማባዛት የጎደለውን ለማወቅ እንደሚረዳ በራሱ ደረሰበት። ገበሬው አባቱም ከማሳው የጠበቀውንና ያገኘውን ኩንታል ሲያስተያይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ባለ ስድስቱ ረድፍ ለጀማሪ ስለሚከብድ ለበረቱት ይቆይ።

የሮቤ ከተማ ልጅ ነዶ ላያውቅ ይችላል፤ በሲናና ሜዳ ስንዴውን ኮምባይነር እያጨደው ነውና። ለእርሱ በመጋዘን ደጃፍ የተደረደረው ጆንያ ይሻለዋል። በአንዱ ድርድር አምስት ጆንያ፣ ድርድሩም አራት ከሆነ፣ ከኋላ የተሸፈነውን ሳያይ ሃያ መሆኑን ማወቁ ያስደስተዋል።

ወቅት ሲባል ግን በዓል ብቻ እንዳይመስል መጠንቀቅ ያሻል። በባሌ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። መስቀልና የልደት በዓል በየዓመቱ በወራቸው ሲጸኑ፣ ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ወቅቱን ይለውጣል። ዝናብና አጨዳ ግን ለሁሉም በአንድ ቀን ይመጣሉ።

በመጋቢት፣ ገበሬው ለገና አዝመራ ሲዘራ፣ ማባዛት እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመር። አስቀድሞ ለተማረው የሚደጋገም መስሎት የሚሰለች መምህር ይኖራል፤ ነገር ግን የአሁኑ ትምህርት ሌላ መልክ አለው። በታኅሣሥ የታየው በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው ፍሬ ነበር፤ በመጋቢት የሚታየው መስመር ነው። ስንዴ ብዙውን ጊዜ በብተና ስለሚዘራ ለዚህ ሥራ በመስመር የሚተከለው ድንች ወይም ጎመን ይመረጣል። በትምህርት ቤቱ ግቢ በሦስት መስመር አምስት አምስት ችግኝ ይተከል። ከዚያ የክፍሉ ግማሽ በአንድ ወገን፣ ሌላው ግማሽ በጎን ቆሞ የሚያየውን ይናገር። እነዚያ «ሦስት ጊዜ አምስት» ሲሉ እነዚህ «አምስት ጊዜ ሦስት» ይላሉ፤ ይከራከራሉም። ክርክሩን መምህሩ ሊፈታው አይገባም፤ ቦታ ቢለዋወጡ በራሱ ይፈታል። «ሦስት ሲባዛ በአምስት» የሚለው አነጋገርም ከዚህ በኋላ ቢገባ ማንንም አያደናግርም። ግቢው ጠባብ በሆነበት ቦታ ጠጠር ይበቃል።

በታኅሣሥ ቀርቶ የነበረው ልጅ በዚህ ትምህርት ከማንም አያንስም፤ ያለፈውን ማወቅ አይጠይቀውምና። መስመር በማቅናትና ጉድጓዱን በእኩል ርቀት በመቆፈር ከከተማው ልጅ ሊበልጥም ይችላል፤ መምህሩም ይህን አይቶ የቡድኑ መሪ ቢያደርገው መልካም ነው።

የሰንጠረዡ ተራ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። በቃል መያዝ አያስፈልግም የሚል አስተሳሰብ ትክክል አይደለም፤ የሰባት ጊዜ ስምንትን መልስ በእሸት እየቆጠረ የሚኖር የለም። ነገር ግን ሸክሙ ሊቀል ይችላል። እስከ አሥር ያለው ሰንጠረዥ መቶ መልስ አለው፤ በጎመኑ መስመር ሦስት ጊዜ አምስትና አምስት ጊዜ ሦስት አንድ መሆናቸውን ያየ ልጅ የሚቀሩት 55 ናቸው። ከእነዚህ የ1፣ የ2፣ የ5ና የ10 ሲወጡ 21 ብቻ ይቀራሉ። የ4ን ከጥማድ በሬ እጥፍ፣ የ8ን ከ4 እጥፍ ማግኘት ይቻላል። እጥፍ የማድረግ ጥበብ ጥንታዊ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ዓመት ገደማ አሕሞስ የተባለው የግብፅ ጸሐፊ በገለበጠው ፓፒረስ ማባዛት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በውጭ አገር መጻሕፍትም አንዱን ቁጥር በእጥፍ፣ ሌላውን በግማሽ እየወሰዱ የማባዛት ዘዴ «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ ይጠራል። ስሙ ቢያኮራም ዘዴውን በሙሉ በጀማሪ ላይ መጫን አያስፈልግም፤ ለእርሱ እጥፉ ይበቃዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ከታኅሣሡ የገብስ ዛላ ጥቂቱ ግን ለመጋቢት መቀመጥ ይኖርበታል፤ በዚያ ወራት በማሳው ላይ ዛላ የለምና፣ ቀርቶ የነበረውም ልጅ ረድፉን በእጁ አዙሮ መቁጠር አለበት። ከጣራ የተንጠለጠለውን አይጥ አይምረውም፤ በፀሐይ በሚገባ ደርቆ ክዳን ባለው ጣሳ ቢቀመጥ እስከ ሰኔ ይቆያል።