ስኳርና ኢንሱሊን በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ
(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዕድራችን ዳኛ ስለ ጤና ጥቂት እንድናገር ስላዘዙኝ ቆሜአለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ነገር ግን ጎረቤቶቼ የላቦራቶሪ ወረቀት እያመጡ «እስቲ አንብብልን» ሲሉኝ፣ ብዙ ሰው የስኳር ምርመራና የኢንሱሊን ምርመራ አንድ እንደሚመስለው ተረድቻለሁ። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው።

ኢንሱሊን ቆሽት የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነው። የበላነው እንጀራ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ሲገባ፣ ወደ ሰውነታችን እንዲሰርጽ በር የሚከፍትለት እሱ ነው። ቆሽት ማመንጨት ሲያቅተው፣ ወይም ሰውነት ለኢንሱሊኑ አልታዘዝ ሲል፣ ስኳሩ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። የስኳር በሽታ የምንለው ይኸንኑ ነው።

ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ተገኘ። በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ስለሆነ መለካቱ ግን ጊዜ ወሰደ። ዘዴውን ያገኙት በአሜሪካ ሮዛሊን ያሎውና ሰሎሞን በርሰን ናቸው። በርሰን በ1972 ሞቱ፤ ያሎው በ1977 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ለእኛ የሚያስፈልገን የትኛው ነው? በሽታው መኖሩን የሚያሳየው የስኳር ምርመራ ነው። ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበሉ ይደረጋል፤ ውሃ መጠጣት ይቻላል። ከ100 በታች ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው አለ ማለት ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሳይበላ ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የኢንሱሊን ምርመራ በሐኪም ትእዛዝ የሚደረግ ነው፤ ለምሳሌ የአንድ ሰው ስኳር ያለ ምክንያት እየወረደ ሲያስቸግረው። ደሙ በጥንቃቄ ካልተያዘ ውጤቱ ይበላሻል። የአንዱ ላቦራቶሪ ቁጥርም ከሌላው ጋር ላይመሳሰል ይችላል።

ዋናው አደጋ ይኸውላችሁ፦ በብዙ አዋቂዎች ላይ በሽታው ሲጀምር ኢንሱሊኑ ደህና፣ እንዲያውም ከፍ ያለ ሆኖ፣ ስኳሩ ግን ይጨምራል። ስለዚህ «ኢንሱሊኔ ተለክቶ ደህና ነው ተብያለሁ» ብሎ ክኒኑን ወይም መርፌውን የሚተው ሰው ራሱን ይጎዳል። ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን የሚያበላሸው ስኳሩ ነውና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዕድራችን ድንኳን ተክሎ ወገኑን በክብር መቅበር ያውቅበታል። ከቀብሩ በፊትም ብንተሳሰብ መልካም ነው። ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው፦ ተመርመሩ፤ የውጤቱን ወረቀት ሳትጥሉ በየቀኑ ቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካላችሁም አብራችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ።

 እግዚአብሔር ጤና ይስጥልን።