የስካገን ባቡርና የእኛ መዋጮ
(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



መዋጮ ይሻሻል አይሻሻል በሚለው ላይ ከመነጋገራችሁ በፊት ስለ አንዲት ትንሽ የባቡር መስመር ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን። ዕድሜያችንን በመዝገብ መካከል የጨረስን ሰዎች በሩቅ አገር ባቡር ምን አገባችሁ ትሉን ይሆናል። ትንሽ ነገር ሳይፈርስ እንዴት ይኖራል ለሚለው ጥሩ ምሳሌ ሆና ስላገኘናት ነው። ዘመኑን የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ስካገን በዴንማርክ አገር ሰሜን ጫፍ፣ ሁለት ባሕሮች በሚገናኙበት ቦታ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። አገሩ አሸዋ ነው። የድሮውን ቤተ ክርስቲያን አሸዋው እየቀበረ ስላስቸገረ በ1795 ተዘጋ፤ ዛሬ ከአሸዋው በላይ ቆሞ የሚታየው ግንቡ ብቻ ነው። ደኅና መንገድም ስላልነበረ ሰውና ጋሪ የሚጓዘው በባሕሩ ዳር ዳር ነበር።

ባቡሩ ከፍሬድሪክስሀቭን ከተማ ተነሥቶ ስካገን መግባት የጀመረው በ1890 ነው። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወጪ እንዳይበዛ ሐዲዱ ጠባብ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ሆነ። ይህን ስፋት እኛም እናውቀዋለን። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድም ስፋቱ ያው 1 ሜትር ነበር።

መስመሩ ነጠላ ነው። ከወዲያና ከወዲህ የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት ሁለተኛ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ደርሶ ሌላውን ይጠብቃል። የዘገየው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጠባቂውንም ጉዞ ያበላሻል። ስብሰባ የምታረፍዱ አባሎች ይህን ልብ በሉልን!

ዋናው ጭነት ዓሣ ነበር። በ1907 የስካገን ወደብ ሲከፈት ጭነቱ በዛ። ሠዓሊዎችና የበጋ እንግዶችም በዚያው ባቡር ይመጡ ነበር። ችግሩ ግን ከፍሬድሪክስሀቭን ወዲያ ያለው የመንግሥት ሐዲድ ሰፊ ነውና የስካገን ፉርጎ አልፎ አይሄድም። ዕቃው እዚያ ተራግፎ በሌላ ፉርጎ እንደገና ይጫናል። ዓሣ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ በ1924 ሐዲዱን አስፍተው 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል አደረጉት። የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲሱ መስመር በዚሁ ስፋት ተሠርቶ የተመረቀው በ2016 ነው።

እንግዲህ ጠባቡ ሐዲድ 34 ዓመት አገልግሏል። በአቅም መጀመር ነውር የለውም። ነውሩ መጥበቡን እያዩ ዝም ማለት ነው።

ከዚያም ካሚዮንና አውቶቡስ መጣ። በዴንማርክ ብዙ ትንንሽ መስመሮች፣ በተለይ ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ድረስ፣ ተዘጉ። የስካገን መስመር ግን አልተዘጋችም። በ2001 ከጎረቤቷ ከሂርትስሀልስ መስመር ጋር በአንድ ድርጅት ሥር ሆነች። በ2005 አዳዲስ የናፍጣ ባቡሮች ገቡላት። ዛሬም ሰው ታመላልሳለች።

አባሎች ሆይ፣ መዋጯችን የተወሰነው ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ለቀብር የሚከራየው መኪናም ዋጋው ሌላ በነበረበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በቂ ነበር፤ የወሰኑትንም እናመሰግናለን። ዛሬ ግን ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ ከዕድሩ የሚያገኘው አልበቃው ብሎ ሲበደር እያየን ነው። የእኛም ሐዲድ ጠቧል ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጥቂት ብንጨምር ለየራሳችን ብዙም አይከብደን፤ ለሐዘንተኛው ግን ብዙ ነው። ለጡረተኞችና አቅም ለሌላቸው ግን ጭማሪው እንዳይከብድ አብሮ ይታሰብ።

ውሳኔው የእናንተ ነው።